ልጄ በበዓል ማታ ሰክሮ ገባ፦ የባሕር ዳር ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከገና እስከ አስተርዮ ማርያም ከተማችን ከበዓል ወደ በዓል ስትሻገር ከወላጆች ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምረን እስከ ከባዱ መልሰናቸዋል።

ልጄ ሰክሮ አሁን ቤት ገባ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ቁጣውን ለነገ አሳድሩት። የሰከረ ልጅ ቁጣ አይገባውም፤ ቢገባውም ጠዋት አያስታውሰውም። አሁን ማወቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው፤ ምን ጠጣ? ወድቆ ጭንቅላቱን መትቶታል ወይ? እሱ መናገር ካልቻለ ይዞት የመጣውን ጓደኛውን ወይም የባጃጁን ሹፌር ጠይቁ። ጓደኛውን «አልቆጣህም፣ ነፍሱን ላትርፍ ብዬ ነው» በሉት። ልጆች ቁጣ ሲፈሩ መጀመሪያ የሚደብቁት ምን እንደተጠጣ ነው።

ከዚያ በጎኑ አስተኙት። በጀርባው እንደተኛ ካስመለሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያፍነው ይችላል። ከላይ የሆነውን እግር ጉልበቱ ላይ አጥፋችሁ ወደ ፊት አምጡት። እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጉለት። አገጩ ትንሽ ቀና፣ አፉ ወደ ታች ዘንበል ይበል። ወደ ኋላ እንዳይገለበጥ ጀርባውን በትራስ ወይም በተጠቀለለ ጋቢ ደግፉት። አንገቱ ላይ የተጠመጠመ ነገር ካለ ፍቱለት፣ ሳፋ አጠገቡ አኑሩ። መሬት ላይ ፍራሽ ብታነጥፉለት ከአልጋ ይሻላል። ጥምቀት ላይ ውሃ ተረጭቶ ልብሱ ከራሰ ደግሞ ቶሎ ቀይሩለት፤ አልኮል የገላን ሙቀት ያወርዳል፣ የጥር ሌሊት ደግሞ ባሕር ዳርም ቢሆን ይበርዳል።

ብቻውን አትተዉት። «ይተኛ፣ ይለቀዋል» ብሎ በር ዘግቶ መሄድን የመሰለ አደጋ የለም። ሆዱ ውስጥ ያለው መጠጥ ከተኛም በኋላ ወደ ደሙ መግባቱን አያቆምም። ሲገባ እያወራ የነበረ ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብሶበት ሊገኝ ይችላል። እናትና አባት ተራ ገብታችሁ አጠገቡ እደሩ። በየመሀሉ ስሙን ጥሩ፣ ትከሻውን ነካ አድርጉ፣ ምላሽ መስጠቱን እዩ።

ሆስፒታል መውሰድ ያለብኝ መቼ ነው?

ሲጠሩት፣ ሲነቀንቁት የማይነቃ ከሆነ። በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ፣ ወይም በአንዱና በሚቀጥለው ትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ካለፈ። ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ገላው ቀዝቅዞ ከረጠበ። ካንቀጠቀጠውና አረፋ ከደፈቀ። ሳይነቃ ካስመለሰው። ጭንቅላቱን ከተመታ። ከነዚህ አንዱ ከታየ እስኪነጋ አትጠብቁ። ትንፋሹን በሞባይላችሁ ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩት፤ ደረቱ ላይ እጃችሁን ብታሳርፉ በጨለማም ይቆጠራል። የስኳር ሕመም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከሆነ ደግሞ ምልክት ሳትጠብቁ ሐኪም አማክሩ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አምቡላንሱ ከዘገየ ባጃጅም ሆነ የጎረቤት መኪና ይዛችሁ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን፣ ለሰፈራችሁ ወደሚቀርበው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በመንገድም በጎኑ ተደግፎ ይሁን። እዚያ ስትደርሱ እውነቱን ተናገሩ። «የበላው ነገር አልተስማማውም» የሚል ወላጅ ሐኪሙን ወደ ሌላ ምርመራ ይመራዋል፣ ጊዜውም ያልፋል። ጫት ቅሞ ለጨብሲ የጠጣ ከሆነ ይህንንም ተናገሩ። ምርቃናው ስካሩን ስለሚሸፍነው ልጁ ሳይታወቀው ብዙ ይጠጣል።

ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስካሩን ያበርድለታል?

አያበርድም። አልኮልን የሚያስወግደው ጉበት ነው፣ ጉበት ደግሞ በራሱ ፍጥነት እንጂ በእኛ ጥድፊያ አይሠራም። የአንዲት ጠርሙስ ቢራ አልኮል እንኳ ከደም እስኪወጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጥቁር ቡና ዓይኑን ቢከፍትለት ነው፤ የነቃ ሰካራም ያው ሰካራም ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የቀዘቀዘውን ገላ ይብስ ያቀዘቅዘዋል፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መንሸራተትም አለ። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከቶ ማስመለስ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ራሱን በማያውቅ ልጅ ላይ አታድርጉት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። ይኸው ነው።

ጠዋት ራሱን ሲያመው ምን ልስጠው?

ውሃ፣ ቀጥሎም ለሆድ የማይከብድ ነገር፤ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ዳቦ በሻይ። ሻዩ ስኳር ይኑረው፤ አልኮል የደም ስኳርን ያወርዳል፣ ልጆች ላይ ደግሞ ይበረታል። የራስ ምታት ክኒን ለመስጠት አትቸኩሉ። ፓራሲታሞል በአልኮል የደከመውን ጉበት ይጫነዋል፣ አይቡፕሮፌን ደግሞ የተቆጣውን ጨጓራ። «የጠጣውን ትንሽ ይድገም፣ ይሻለዋል» የሚል አጎት ካለ በትሕትና ከልጁ ክፍል አርቁት።

መቼ ላናግረው? ምን ብዬስ ልጀምር?

ከበላና ከታጠበ በኋላ፣ ግን በዚያው ቀን። ሦስት አራት ቀን የሚቆይ ኩርፊያ ብዙ ቤት ውስጥ የተለመደ ነው፤ ልጁ ከዚያ የሚማረው መደበቅን ብቻ ነው። ሰው በተሰበሰበበት፣ የበዓል ቡና እየተፈላ አይሁን። እህትና ወንድም ፊትም አይሁን። እኔ የምመክረው እየተራመዱ ማውራትን ነው። በሐይቁ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ ጎን ለጎን ስትሄዱ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ሲሆን አንደበቱ ይፈታል።

በፍርሃታችሁ ጀምሩ፣ በፍርዳችሁ አይሁን። «አዋረድከኝ» ስትሉት ራሱን ለመከላከል ይዘጋጃል። «ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሽህን ስቆጥር አደርኩ» ስትሉት ግን የሚከላከለው ነገር የለም። ከዚያ ጠይቁና ዝም በሉ። መጀመሪያ የት ነበራችሁ? ማን አመጣው? እንዴት እዚህ ደረሰ? መጠጡ ያመለጠው ስንት እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ጓደኞቹ ፈሪ እንዳይሉት ነው? ወይስ ሊረሳው የፈለገው ነገር አለ? ሦስቱ ሦስት የተለያየ መልስ ይፈልጋሉ። አባት ከሆናችሁ ዝም ማለቱ ይከብዳችሁ ይሆናል። ቢሆንም ታገሱ፤ እውነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሁለተኛው ዝምታ በኋላ ነው።

ልምታው? ቅጣትስ አያስፈልግም?

አትምቱት። ዱላ የሚያስተምረው በሚቀጥለው ጊዜ ቤት አለመምጣትን ነው። ሰክሮ ጓደኛው ቤት ያደረ ወይም ሐይቁ ዳር የተኛ ልጅ፣ ሰክሮ ቤቱ ከመጣ ልጅ እጅግ የበለጠ አደጋ ላይ ነው። ልጃችሁ በዚያ ሁኔታ በራችሁን ማንኳኳቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን በር አትዝጉበት።

ቅጣት ግን አለ፣ ይኑርም። አጭርና ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ይሁን። ያበላሸውን ምንጣፍና አንሶላ ራሱ ይጠብ። ለሚቀጥሉት ጥቂት ሳምንታት የማታ መውጫ ይቅር። ይዞት የመጣውን ጓደኛውን ሄዶ ያመስግን፣ የሰደበው ሰው ካለ ይቅርታ ይጠይቅ። ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ቅጣት እናንተም አታስፈጽሙትም፣ እሱም ያውቀዋል።

የጠጣው ቢራ ሳይሆን አረቄ ነው። ልዩነት አለው?

ሰፊ ልዩነት አለው። ቢራ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ አልኮል አለው፤ ዳግም አረቄ ደግሞ እስከ 40 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። 40 ሚሊ ሊትር አረቄ ማለት አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ማለት ነው። ልጆች በአንድ ትንፋሽ ይጨልጡታል፤ ሰውነታቸው «በቃ» ብሎ ሳይነግራቸው ብዙ ገብቷል። ጂንና ኡዞ በለስላሳ ሲቀላቀል ደግሞ ጣፋጩ ክብደቱን ይሸፍነዋል።

ከማይታወቅ ቦታ የተገዛ፣ በአግባቡ ያልተጣራ ወይም ሌላ ነገር የተቀላቀለበት መጠጥ ከሆነ ሜታኖል የሚባለው መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ይህ አታላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚመጣው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ስካሩ ካለፈ በኋላ ነው። ዓይኑ ብዥ ካለበት፣ «ጉም የሸፈነኝ ይመስለኛል» ካለ፣ ሆዱን አጥብቆ ከቆረጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም አብረውት የጠጡት ልጆችም ከታመሙ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። ሕክምና አለው፤ ከዘገየ ግን ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ለጓደኞቹ ወላጆችም በዚያው ሰዓት ደውሉ።

ጠላውን የምንጠምቀው እኛ፣ «ቅመስ እንጂ» ብለን የቀዳንለትም እኛ። አሁን አትጠጣ ብለው አያስቅም?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ወላጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። በኛ አካባቢ በዓል ያለ ጠላ አይታሰብም። ልጅ ከማሰሮው አጠገብ ያድጋል። ሲያሻው ቅራሪውን ይጠጣል፣ ከፍ ሲል ከጉሹ ይቀምሳል፣ አንድ ቀን ደግሞ ዘመድ «ጎረመሰኮ» ብሎ ፊልተሩን ይሞላለታል። ማንም በክፋት አያደርገውም። ግን የቤት ጠላ ጥንካሬው አይታወቅም። የዘንድሮው ካምናው፣ የታችኛው ከላይኛው ይለያል።

«ቤት ውስጥ ከለመደው ውጭ አይሰክርም» የሚለው እምነት አይሠራም። ቀድሞ መጠጣት የጀመረ ልጅ ሲያድግ በመጠጥ የመቸገር ዕድሉ ከፍ ይላል። የሰው አንጎል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እያደገ ነው፤ ነገር የሚመዝነውና የሚወስነው ክፍል ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚበስለው ነው። ስለዚህ ልጁን ሰብስባችሁ «እስከ ዛሬ እኛም ስንቀዳልህ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አንቀዳም። ምክንያቱ ይህ ነው» በሉት። እንዲህ ስትሉት ነገሩ ሐቅ ስለሆነ አያስቅም።

ከዚያ ቤቱን አስተካክሉ። ለልጆች ያልፈላ ብርዝ ወይም ቡቅሪ ይዘጋጅ፤ የእነሱ ብርጭቆ የሚሞላበት ነገር ከሌለ እንግዳ ጠላ ይሞላበታል። ለሽማግሌዎቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው። «ጋሼ፣ ለሱ ብርዝ አለለት፣ ጠላ እንዳይቀዱለት» የምትል ቃል ከእናትየው ስትወጣ ልጁ ራሱ እምቢ ከማለት ይድናል። «አንድ ብርጭቆ ምን አላት» የሚል አይጠፋም፤ ደግማችሁ ንገሩት። መጠጥ በሃይማኖት የተከለከለበት ቤት ልጅ ደግሞ የበዓሉን ቀን ከጎረቤት ጋር ሲያሳልፍ ሊጠጣ ይችላል፤ እዚያ ቤት የሚያስፈራው ጥፋቱ መታወቁ ስለሆነ «ብትሳሳትም ደውልልኝ» የምትለዋ ቃል የበለጠ ታስፈልጋለች።

የሸጠለትን ግሮሰሪ መክሰስ እችላለሁ?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ስለዚህ ሕጉ ከናንተ ጋር ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ባለቤቱን ሄዶ ማነጋገርን እመርጣለሁ፤ በሰላም፣ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆኖ። አምስት እናቶች አብረው የቆሙበት ደጃፍ ብዙ ይለወጣል። ካልሰማ ለቀበሌው፣ ለክፍለ ከተማው ወይም ለፖሊስ አመልክቱ።

የሰከረችው ሴት ልጄ ናት። የሚለየው ነገር አለ?

እንክብካቤው አንድ ነው። ጥፋቱም አንድ ነው፤ ወንዱ ሲጠጣ «ጎረመሰ»፣ ሴቷ ስትጠጣ «ተበላሸች» የሚለውን ከቤታችሁ አስወጡት። የሴት ሰውነት አልኮሉን የሚያቀልጥበት ውሃ ስላነሰው፣ አንድ ዓይነት መጠን እሷን በፍጥነት ይጥላታል።

ግን አንድ ነገር በጥንቃቄ መጠየቅ አለበት፤ እናት ወይም የምታምናት አክስቷ ለብቻዋ ትጠይቃት። የማታስታውሰው ሰዓት አለ? ያመማት ቦታ፣ የተቀደደ ልብስ አለ? የደረሰባት ነገር ካለ ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ መጀመሪያ መስማት ያለባት ቃል ይህ ነው። ከመታጠቧ በፊት ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፣ የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ከረጢት ይዛችሁ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያም በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ነገሩን ለሽማግሌ ከማድረሳችሁ በፊት ሐኪም ይያት። ወንድ ልጅም እንዲህ ያለ ጥቃት ይደርስበታል፤ እሱም ይጠየቅ።

ጎረቤት ሁሉ አይቶታል። ሰው ምን ይለኛል?

ሰው ለአንድ ሳምንት ያወራል፣ ከዚያ ሌላ ወሬ ይመጣል። ልጁ ግን ስለሱ ያወራችሁትን አይረሳም። ለቡና ጎረቤት «የኔ ጉድ» ብላችሁ አትዘርዝሩት። «አዎ ጠጥቶ ነበር፣ እየተነጋገርን ነው» በቂ ነው። መናገር ያለባችሁ አብረውት ለነበሩት ልጆች ወላጆች ነው፤ ለመውቀስ ሳይሆን ልጆቻቸው ደህና ማደራቸውን ለማረጋገጥ። የንስሐ አባት ካላችሁና ልጁ የሚቀርባቸው ከሆነ ጥሩ፤ ለማስፈራሪያ ግን አትጥሯቸው።

ለሚቀጥለው በዓል ልልቀቀው ወይስ ልከልክለው?

ታቦት ሲገባ ሸኝቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ጨፍሮ መምጣት የልጅነቱ መብት ነው። ሙሉ በሙሉ መከልከል የሚሠራው ለአንድ በዓል ነው። ልቀቁት፣ ግን ከስምምነት ጋር። ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ የት እንደሚሆኑ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ይታወቅ። በልቶ ይውጣ፣ ስልኩ ቻርጅ ይኑረው። የመመለሻ የባጃጅ ብር ለብቻው ኪሱ ይግባ። በከተማው የባጃጅ ወይም የማታ እንቅስቃሴ ሰዓት ተገድቦ ከሆነ ሰዓቱን በዚያ ልክ አሳጥሩት፤ የምታውቁት የባጃጅ ሹፌር ቁጥርም ስልኩ ላይ ይመዝገብ።

ሐይቁን በግልጽ አንሱበት። ጠጥቶ ጣናና ዓባይ ዳር መቀመጥ የለም። የሰከረ ሰው ዋናተኛም ቢሆን ይሰምጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬዎች በሌሊት ሣር ሊግጡ ወደ ዳር ይወጣሉ። ከጠጣ ሰው ሞተር ኋላም አይወጣም።

የስምምነቱ ልብ ግን ይህ ነው፦ «አንተ ብትጠጣም፣ የሚነዳው ቢጠጣም፣ በማንኛውም ሰዓት ደውልልኝ። እመጣለሁ። በዚያ ሌሊት አንድ ጥያቄ አልጠይቅህም።» ከደወለ ቃላችሁን ጠብቁ። መንገድ ላይ ግልምጫም አይኑር። አንዴ ካፈረሳችሁት ሁለተኛ አይደውልም።

አንድ ቀን የሆነ ነገር ነው ወይስ ሱስ ጀምሮታል? እንዴት ልወቅ?

አንድ የበዓል ማታ ሱስ አይደለም። የሚያሳስበው ተከታዩ ነው። በዓል በሌለበት ቀን ከጠጣ፣ ብቻውን ከጠጣ፣ ብር ወይም ዕቃ ከቤት ከጠፋ፣ ውጤቱ ከወረደ፣ የድሮ ጓደኞቹን ከተወ፣ ጠጥቶ ያደረገውን ደጋግሞ ካላስታወሰ ተጠንቀቁ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የደረሰውን ግጭት ያየ፣ ሰው የሞተበት ወይም ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ደግሞ ሐዘኑን በመጠጥ ሊሸፍን ይችላል። ያን ጊዜ መጠጡን ብቻ ማሳደድ ትርፍ የለውም። በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባለሙያ አለ፤ ጸበልና ሕክምና አብረው ይሄዳሉ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከሰማችሁ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት።

አባቱም በየማታው ይጠጣል። ልጁ «አባዬስ?» ሲለኝ ምን ልመልስ?

አትዋሹለት። «አባትህ ደክሞት ነው» የሚለው ሽፋን ልጁ ዓይኑ ያየውን እንዲጠራጠር ያደርገዋል። «የአባትህ መጠጣት እኔንም ያሳስበኛል፤ እሱን ለብቻው አነጋግረዋለሁ። አንተ ግን ልጅ ነህ፣ ያንተ ነገር ከሱ ጋር አይለካካም» ማለት ይቻላል። አባትየውን በልጁ ፊት አታዋርዱት።

ከዚያ በእውነት አነጋግሩት፤ ሳይጠጣ፣ ጠዋት። ሙሉ በሙሉ እንዲተው መለመን ካልሆነላችሁ ከትንሹ ጀምሩ። ልጁን መጠጥ ግዛልኝ ብሎ አይላከው። በልጁ ፊት ስካሩን እንደ ጀግንነት አያውራው። ቢያንስ በበዓል ማታ፣ ልጁ ደውሎ «ውሰዱኝ» የሚልበት ሰዓት ሊመጣ ስለሚችል፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሳይጠጣ ይደር። ይህን የሚፈጽመው አባትየው ከሆነ ደግሞ ልጁ ከየትኛውም ምክር በላይ ያየዋል። በየማታው ጠጥቶ የቆየ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠውና ሊያቃዠው፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋው ስለሚችል ለማቆም ሲወስን መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።